የማን ቁና?

ለሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል ነው። በየዓመቱ «ንጥጥር» የሚለው ምዕራፍ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ክፍልፋይ ሲደመርና ሲቀነስ ያልተደናገረ ልጅ እንኳ «ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ሲባል የእርሳሱን ጫፍ መንከስ ይጀምራል። ስድስት ደብተር በ90 ብር ተገዛ እንበል። ማካፈል እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የቱን ለየቱ ሲሆን ነው ጣጣው። ግማሹ ክፍል 90ን ለ6 አካፍሎ 15 ይላል። ሌላው ግማሽ 6ን ለ90 አካፍሎ ከነጥብ በኋላ ስድስት ስድስት እየደረደረ እስከ ገጹ ጠርዝ ይሄዳል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ብር የሚገዛው የደብተር ቁራጭ። የተለዋወጠው «አንድ» የተባለው ነገር ብቻ ነው። ይህችን ለማስረዳት የጨረስኩት ጠመኔ ቢቆጠር አንድ ክፍል ቀለም ይቀባል።

እነዚሁ ልጆች ግን ደወል ተደውሎ ሲወጡ ሌላ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ጉሊት የምትቸረችረው ሴትዮ «ብርቱካን አራት በሃምሳ!» ስትል «ማዶ ሦስት በሠላሳ አምስት ነው» ብለው ጥለዋት ይሄዳሉ። ልክ ናቸው፤ ማዶ ያለው ብርቱካን አንዱ ከ12 ብር በታች ይወድቃል፤ የእሷ 12 ብር ከሃምሳ ነው። በማግሥቱ ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። እርሳስ መንከስ!

ቋንቋችን ራሱ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። «ቲማቲሙ ስንት ነው?» ብትል የመደቡን ዋጋ ይነግሩሃል። «ሎሚው ስንት ስንት ነው?» ብትል የአንዱን። አንዲት ቃል ስትደገም ማካፈሉን ጨረሰችው። «አሥር አሥር ብር» ሲባል «ለእያንዳንዱ» የሚል ቃል ማንም አይጨምርም። መማሪያ መጽሐፉ ግን ለዚህ ረጅም ስም ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ወደር» የሚባል ምዕራፍ ያመጣል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ወደር የለሽ ቆንጆ ማለት ሒሳቧ አይሠራም ማለት ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ወደር የሌለው ነገር የሚመዘንበት ሌላ ነገር የለውምና እውነትም ሒሳብ አይሠራለትም።

ማካፈሉማ ለማንም አልከበደም። የሚከብደው «አንዱ» የቱ እንደሆነ፣ ማንስ እንደሚወስነው ነው። ይህን ያስተማሩኝ ፊደል ያልቆጠሩት አያቴ ናቸው።

አያቴ ከደጀን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ጤፍ ያስመርቱ ነበር። መስፈሪያቸው እናታቸው ከአክርማና ከስንደዶ የሰፏት፣ አፏ በቆዳ የተለበጠች ቁና ናት። እኛ ዘንድ 20 ቁና አንድ ዳውላ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የእህል ነጋዴ ቤታችን ድረስ መጥቶ ጤፍ ሊገዛ ተስማማ። ዋጋው በቁና ብር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም። አያቴ ቀድመው ቤት ውስጥ ሰፍረው ያዘጋጁት 30 ቁና ነበር። ነጋዴው የራሱን ቁና ከአህያው ጭነት ላይ አውርዶ «ልስፈረው» አለ። ሰፈረ። 27 ሆነ።

አያቴ አልጮሁም። የሱን ቁና ተቀብለው ሞሉና ወደ ራሳቸው ቁና ገለበጡት። የእሳቸው ሞልታ፣ በእጃቸው ደልድለዋት፣ በነጋዴው ቁና ታች ጤፍ ቀረ። «ልጄ፣ እስቲ የተረፈውን በእፍኝህ አውጣው» አሉኝ። ሁለት እፍኝ ከምናምን ወጣ። «ይቺን ነዋ ሃያ ሰባት ጊዜ የምትወስድብኝ» አሉት።

«የኔ ቁና የገበያው ቁና ነው እማማ» አላቸው።

«ይሁንልህ፤ በገበያው ቁና ስፈር። በኔ ቁና ብር ከሠላሳ አምስት ነበር፤ በአንተ ቁና ብር ከሃምሳ ነው።»

ነጋዴው ጥቂት አጉረመረመና ከፈለ። ያን ቀን ምንም አልገባኝም። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ወደር ስማር አንድ ማታ በድንገት ትዝ አለኝና ወረቀት ላይ አወረድኩት። 30 ቁና በ1 ብር ከ35 ሲባዛ 40 ብር ከ50። 27 ቁና በ1 ብር ከ50 ሲባዛ 40 ብር ከ50። ሳንቲም አልዛነፈም። ቁናዎቹ ዘጠኝ ለዐሥር ናቸው፤ ዋጋዎቹም ዘጠኝ ለዐሥር። አያቴ ይህን እንዴት እንደሠሩት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሕይወት ሳሉ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ቤት ብቻ ወግ አልነበረም። በአገራችን ቁናው፣ ዳውላው፣ እንቅቡ፣ ጉንዶው ከአውራጃ አውራጃ፣ አንዳንዴም ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። ተቆልሎ የሚሰፈርበት አገር አለ፤ አፉ ላይ በእጅ ተደልድሎ የሚሰፈርበትም አለ። በዚያ ላይ «መርቂልኝ» ባይና ምርቃት ሰጪ ነበረ፤ አያቴ ለጎረቤት ሲሸጡ የሚጨምሯት እፍኝ የትኛውም መዝገብ ላይ አትገባም፤ የቁናውን ዋጋ ግን ዝቅ ታደርገዋለች። በአጼ ምኒልክ ዘመን የገበያና የቀረጥ አለቃ የነበረው ነጋድራስ ይባል ነበር። ከነጋድራሶቹ አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዕቃ በዕቃ ሲለወጥ በእርግጥ የሚለዋወጠው ድካም መሆኑን ጽፈው፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲነግድ ጥቂት ድካም ሰጥቶ ብዙ እንደሚወስድ አስረድተዋል። መጽሐፋቸው የታተመው እሳቸው በ1919 እ.ኤ.አ. ከሞቱ በኋላ ነው። እኔ ባነበብኩት ቁጥር ትዝ የሚለኝ የነጋዴው ቁና ነው።

ወደ ኋላ ራቅ እንበል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር፤ አጼ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ሂምያርን ለመውጋት የሚዘጋጁበት ወቅት ነው። ይህ ሰው ከአክሱም ወደ ሳሱ የወርቅ አገር በየሁለት ዓመቱ ስለሚወርድ የነጋዴ ጭፍራ ጽፏል። ከ500 በላይ ነጋዴዎች፣ በሬና ጨውና ብረት ይዘው፣ ደርሶ መልሱን ስድስት ወር ይጓዛሉ። እዚያ ሲደርሱ እሾህ አጥረው በሬውን ያርዱና ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን አጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው ይመጣል፤ ከወደደው ቁራጭ አጠገብ እንክብል ወርቅ አስቀምጦ ዞር ይላል። የሥጋው ባለቤት ከበቃው ወርቁን ያነሣል። ካልበቃው ትቶት ይመለሳል። ባለ ወርቁም ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድም ቃል አይነገርም፤ ቋንቋ አያግባባቸውምና። ቁጥር የሌለው ንጥጥር ይሉሃል ይህ ነው። እኔ ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ በዳቦና በእርሳስ እንዲህ አጫውቻቸው ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድ ዳቦ ሁለት እርሳስ ሆኖ ቁርጥ አለ። ማንም «ሁለት» ሳይል።

ሳሱ ላይ ቁጥር ያልነበረው ጨው፣ በአሞሌው ዘመን ቁጥር ሆነ። አሞሌ ከአፋር ረባዳ የጨው ሜዳ እየተፈለጠ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ ረዘም ተደርጎ እየተጠረበ የሚወጣ፣ እንዳይሰበር በልጥ የሚታሠር ጨው ነው። በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ደጋ ይወጣል። ገንዘብ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመት አገልግሏል። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520 እ.ኤ.አ. ከመልክተኞች ጋር ወደ አጼ ልብነ ድንግል መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ብዙ ጸሐፊ የማያስተውለውን ነገር አስተውሎ ጻፈ፦ ጨው ከሚወጣበት ቦታ ላይ በአንድ ድርም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይገኛል። የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገበያ 5 ወይም 6 ይቀንሳል። እንዲህ ከገበያ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ፣ ንጉሡ ከተማ ሲደርስ በአንድ ድርም 6 ወይም 7 ብቻ ነው። ክረምት ሲሆን 5 ሆኖም አይቷል።

ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ለት ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላ አደርኩ ማለት ይቻላል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የስድስተኛ ክፍል መልመጃ ነው እኮ!

እስቲ አብረን እንሥራው። በየቀኑ 6 አሞሌ ቢቀንስ፣ ከ120 ተነሥቶ 6 ላይ ለመድረስ 19 ቀን ይበቃዋል። ንጉሡ የሰፈሩበት ቦታ ደግሞ ከዚያ በጣም የራቀ ነበር፤ አቀናነሱ እኩል በእኩል እንዳልነበረ ከዚህ ይገባናል። እንዲህ ነው ምክንያቱ፦ በመጀመሪያው ቀን 120 ወደ 114 ሲወርድ፣ የአንዱ አሞሌ ዋጋ የጨመረው ከመቶ 5 ያህል ነው። መጨረሻ ላይ ግን 7 ወደ 6 ሲወርድ አንዲት አሞሌ ብቻ ቀንሳ የአንዱን ዋጋ በስድስተኛ እጅ ታዘልለዋለች። «ስንት አሞሌ በአንድ ድርም?» ብሎ የሚቆጥረውና «አንድ አሞሌ በስንት ወርቅ?» ብሎ የሚቆጥረው ሰው አንድ መንገድ ላይ እየሄዱ ሁለት የተለያየ መንገድ ያያሉ። ጨው ሊገዛ ቆላ የሚወርደው ባለ ወርቅ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቃል። ጨው ይዞ የሚወጣው ሁለተኛውን። የክፍሌ ሁለት ጎራዎች ናቸው፤ ባለ 15ቶቹና ባለ ስድስት ስድስቶቹ።

ከታች በአንድ ድርም የተገዛ 120 አሞሌ ላይ በ20 ድርም ይሸጣል። ታዲያ ነጋዴ ሁሉ ለምን ባለጸጋ አልሆነም? አንዱን ወደ ሃያ ያደረገው መንገዱ ራሱ ስለሆነ ነው። የግመሉ ኪራይ፣ የኬላው ቀረጥ፣ የሽፍታው ፍርሃት፣ በዝናብ መሟሟቱ፣ የስብራቱ ኪሳራ። ክረምት ሲገባ 6 የነበረው 5 የሆነው ወንዙ ስለሞላና መንገዱ ስለተዘጋ ነው ብል አልሳሳትም። የአሞሌ ዋጋ የተጻፈ የመንገድ ካርታ ነበር።

ስብራቱ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የኔ ዓይነቱን መምህር የሚያሳብደው እሱ ነው። የተሰበረ አሞሌ ግማሹ ግማሽ ዋጋ አያወጣም። ሙሉ ሲሆን ገንዘብ ነው፤ ሲሸረፍ ግን ወጥ ውስጥ የሚገባ ጨው ነው፤ ከመጠኑም በላይ ረክሶ ይሸጣል። ስለዚህ በአሞሌ ዓለም ሁለት ግማሽ አንድ አይሞላም። ሰሌዳ ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ተቆጣጣሪው ደመወዜን ይቆርጥ ነበር። የድሮው ሰው ልጁን እንዲህ ብሎ ነው ያሳደገው፦ አሞሌውን ቀስ ብለህ አውርድ!

አሞሌ የትልቁ ገንዘብ ዝርዝር ነበር። ትልቁ ጠገራ ብር ነው፤ የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ የተቀረጸችበት፣ ንግሥቲቱ ከሞቱም በኋላ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት እየታተመበት የቀጠለው። 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። ገበያችን የወደደው ለገንዘብነቱ ብቻ አልነበረም፤ ሚዛንም ነበር። ወርቅ ሲመዘን በሌላኛው የሚዛን ሳህን ላይ ጠገራ ብር ይቀመጣል። የወርቁ ወቄት ክብደቱ ከአንድ ብር ጋር ነው። ዛሬም ቡና በፈረሱላ ዋጋ ሲወጣለት ስሰማ ጠገራዋ ድምጿ ይሰማኛል፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው፤ ለ28 ግራም ከጥቂት ብታካፍለው ስድስት መቶ ብር ከምናምን ይመዝናል። ገንዘቡና ሚዛኑ አንድ ዕቃ ሲሆን ሒሳብ እንዴት እንደሚቀል አስቡት። ዋጋ ማለት «ስንት ብር ለስንት ብር ክብደት» ብቻ ሆነ ማለት ነው።

አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ ሲያስቀርጹ፣ ይህን አላጡትም። 1887 ዓ.ም. የሚል የታተመበትና አንበሳ ያለበት ብር ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛዋ ጋር ተካክሎ ነው የወጣው። ሕዝቡ ግን ፊቷን ለምዷልና ለብዙ ጊዜ አሮጊቷን መረጠ። እኔን የሚስበኝ ግን ዝርዝሩ ነው። በመጀመሪያ አንድ ብር 20 ጊርሽ ነበር። የጊርሿ ክብደትም አንድ ነጥብ አራት ግራም ያህል ነበር፤ በሃያ ስታበዛት ልክ ብሩ ላይ ትደርሳለች። ከ1903 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ ግን አንድ ብር 16 ጊርሽ ሆነ። ለምን 16? እኔ የገበያዋ ሴት አሸነፈች እላለሁ። አላድ የብር ግማሽ ነው፤ 8 ጊርሽ። ሩብ 4 ነው። ተሙን 2 ነው። ከዚያ አንድ ጊርሽ፤ ከዚያ ቤሳ፣ የጊርሽ ግማሽ። ከላይ እስከ ታች በሁለት እየተከፈለ ይወርዳል። 20ን ሁለት ጊዜ ለሁለት ከከፈልህ በኋላ 5 ላይ ትቆማለህ፤ እርሳስ ያስፈልግሃል። 16ን ማንም እጁ ላይ ይጨርሰዋል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር በ100 ሳንቲም ተከፍሎ ወጣ። ያን ጊዜ አንድ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር የተተመነው፤ ስለዚህ ሽልንጉ ከአገር ወጥቶ ሲያበቃ ስሙ ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ቀረ። እኛ ልጆች ሳለን «አንድ ሽልንግ» ስንል ማንም ኬንያን አያስብም። ስሙኒዋም እንዲሁ ናት፤ በስዋሂሊ ሱሙኒ የሽልንግ ግማሽ ነው፤ የእኛዋ 25 ሳንቲም። ቃሉ ደግሞ ከዓረብኛው «ስምንተኛ» የመጣ ነው። ስምንተኛ የተባለች ሳንቲም የሽልንግ ግማሽ፣ የብር ሩብ ሆና ኪሳችን ውስጥ ትንጫጫ ነበር። ልጆች ንጥጥር ለምን ይከብዳቸዋል ትላላችሁ!

አሁን ገንዘቡን ትቼ ወደ አውድማው ልሂድ፤ ሒሳቡ እጅግ የመረረው እዚያ ነውና። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል የሚሉ ቃላት ለኛ ክፍልፋይ ከመሆናቸው በፊት የሰው ኑሮ ነበሩ። እርቦ አራሽ ከአራት አንዱን ለባለመሬቱ ይሰጣል፤ ሲሶ አራሽ ከሦስት አንዱን፤ እኩል አራሽ ግማሹን። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚባለውም አንድ ለአንድ ለአንድ የሆነ ንጥጥር ነው፤ ሲሰሙት ደግሞ ፍትሕ ይመስላል።

አማቴ የአዳአ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ሲሶ አራሽ ነበሩ። አሥራት በእህል ይከፈል በነበረበት ዘመን አውድማ ላይ የሚነሣውን ክርክር ከአባታቸው ሰምተው ለኔ አጫውተውኛል። እሳቸው በቃላቸው፣ እኔ በናፕኪን ላይ ሠራነው። 60 ቁና ጤፍ ተወቃ እንበል፤ ሦስት ዳውላ። አሥራቱ ቀድሞ ከክምሩ ይነሣ ካልን 6 ቁና ይወጣና 54 ይቀራል፤ የባለመሬቱ ሲሶ 18፣ የአራሹ 36። አይ፣ ባለመሬቱ ሲሶውን ከሙሉው ክምር ያነሣል፤ አሥራቱ ከአራሹ ድርሻ ይከፈል ካልን ግን ባለመሬቱ 20 ይወስዳል፤ አሥራት 6፤ ለአራሹ 34። ሲሶው በሁለቱም ሲሶ ነው። ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው። ሁለት ቁና ግን ከአራሹ ጎተራ ወጥቷል፤ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት እንጀራ።

«ታዲያ የትኛው ነበር የሚደረገው?» አልኳቸው።

«ማንን ነው የምትጠይቀው?» አሉኝ፤ «እህሉ የሚሰፈረው እኮ በባለመሬቱ ቁና ነው።»

እንግዲህ ቁናዋ ተመለሰች። ሲሶ የምንለው ከምን ላይ የሚነሣ ሲሶ ነው? ከሙሉው ነው ወይስ ከቀሪው? ዘሩስ ከማን ወጣ? የክፍልፋዩ ስም ከመነገሩ በፊት ሙሉው ምን እንደሆነ ካልተነገረ ክፍልፋዩ ወሬ ነው። አሥራት በኋላ በገንዘብ ሲተካም ሸክሙ ጭሰኛው ጫንቃ ላይ መውደቁ አልቀረም። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሲሶና እርቦ ከአውድማ ተነሡ። አማቴ ያን ዓመት አጨዳ ሲደርስ ክምሩን ሙሉውን ቤታቸው እንዳስገቡ ነግረውኛል፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጨንቋቸው ግማሹን አልጋ ሥር አደረጉት።

ጥማድንም በአጭሩ ላንሣ። ጥማድ መሬት ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። መሬቱ የሚለካው በድካም ነው፤ መረሬ አፈር ላይ ጥማዱ ያንሳል፤ ቀለል ያለው አፈር ላይ ይሰፋል። መሬት ለኪው «ስንት ካሬ ሜትር?» ሲል ገበሬው «ስንት ቀን?» ይላል። አንድ ጥማድ ራሱ በውስጡ «በቀን» የሚል ቃል የደበቀ ልኬት ነው። እኔ ፍጥነትን፣ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ሳስተምር ሁልጊዜ ከጥማድ እነሣ ነበር፤ ከገጠር የመጡት ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል፤ የከተማዎቹ ደግሞ «ጋሼ፣ በሬዎቹ ቢደክሙስ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳላ!

አሁን ኪሎ አለን። ኪሎ ክርክሩን አሳጠረው እንጂ አላጠፋውም። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ አምስት ኪሎ ስኳር ገዝቼ ቤት ባለችኝ ሚዛን ደግሜ ብመዝነው አራት ኪሎ ከስድስት መቶ ሆነ። ባለሱቁን ስሙን አልጠራም፤ ሳስረዳው አፍሮ ጨመረልኝ። በኪሎ 100 ብር ብሎ ሲሸጥልኝ እኔ የከፈልኩት 109 ያህል ነበር ማለት ነው። ያው የጥንቱ ነጋዴ ቁና ነው፤ በዲጂታል ሚዛን ተመስሎ የመጣ።

የአያቴ ቁና አሁን እኔ ዘንድ ናት። ባለፈው ሰኔ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ በእርሷ ሰፍረን በሚዛን መዘንን። ጤፍ ሲሞላ አምስት ኪሎ ከጥቂት፤ ገብስ ሲሞላ አራት እንኳ አይሞላም። «አንድ ቁና ያው አንድ ቁና አይደለም እንዴ?» ብለው ተሟገቱኝ፤ ሙግቱ እስኪመሽ ቆየ። አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል፤ ቂጧ ሳስቷል። ገብስ ትይዛለች፤ ጤፍ ታፈሳለች። አክርማና ስንደዶ ሰፍታ የምትጠግንልኝ ሴት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።